ተከፍሏል

ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ይላል፣
የኤድመንተን ሌሊት ትንፋሽ ያንጠለጥላል።
ከአየር ማረፊያው ኋላ፣ ረድፍ ቁጥር ዘጠኝ፣
ነጭ ጉብታ ሆና መኪናዬ ጠበቀችኝ።
በክንዴ ጠረግኳት። ቁልፉን አዞርኩት።
ቀጭ! አለች አንዴ። ደግሜ ሞከርኩት።
ቀጭ።
ባትሪው ሞቷል።

አጠገቤ ዘውድነሽ፣ በነጠላ ጫማ፣
ካፖርቷ ሥር ቀሚስ፣ ያውም አበባማ፣
በእግር ጣቶቿ መሃል የባሕር አሸዋ፣
ያቺ ብርቱካንማ አምባር በግራ አንጓዋ።
በኔም እጅ አለች እኩያዋ፤
ሰባት ቀን ያልፈታናት የፕላስቲክ ቀለበት፣
በመቀስ እንጂ በጥርስ የማትለቅ፣ የሆቴሉ ስም ያለባት።

ለሃያኛ ዓመታችን ነበር ያጠራቀምነው።
እሷ በአረጋውያን ቤት የሌሊት ፈረቃ፣
እኔ አውቶቡስ ልነዳ ከወፍ በፊት ስነቃ፣
ደጃፉ ላይ ነበር የምንገናኘው፤
«ወጡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው።» «የመብራቱ ያንቺ ተራ ነው።»
ትዳር ማለት ለኛ ተራ መጠበቅ ነበረ፣
አንዱ ዕዳ ሳይዘጋ ሌላው እየጀመረ።

«ሁሉም ተካቷል» ይል ነበር ያየነው ወረቀት፣
መብሉ፣ መጠጡ፣ ባሕሩ ከነመኝታ ቤት።
እውነትም ካሪቢያን ላይ «ሂሳብ» የሚል የለም።
አምባሯን ታሳያለህ፤ ብርጭቆህ ይሞላል።
አምባሯን ታሳያለህ፤ አንድ ቀይ ጉድ ይመጣል፣
«ጊንጥ ነው ይሄ!» ብላ ዘውድነሽ ትሸሻለች፤
ኪሴን ስዳብስ አስተናጋጇ ትስቃለች፦
«ጌታዬ፣ ተከፍሏል።»
ሰሙን ያኔ ሰማሁ። ወርቁን ቆይቼ ነው።

ያወጣሁትን ላስመልስ አምስት ጊዜ በላሁ፣
በማግስቱ መጸዳጃ ቤት ውዬ አመሸሁ።
እሷ ተኛች። የሃያ ዓመት ሌሊት ነበረባት፤
ፀሐይ ወጣች ገባች፣ ማንም ሳይቀሰቅሳት።
በሦስተኛው ቀን፣ ካንድ ጃንጥላ ሥር፣
ሁለት ወንበር። መሃል የፓፓያ ሳህን እንደ ድንበር።
የሚያፈስ ጣሪያ የለ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣
ማስጠንቀቂያ የለ ከባንክ የሚገባ፤
ምን እናውራ?
ባሕሩ ብቻ ነው የመጣ የሄደ፣
ወሬያችንን ጠርጎ ይዞ የነጎደ።

ማታ አልጋችን ላይ፣ ከፎጣ የተሠሩ፣
ሁለት ዝይዎች አገኘን፣ አንገት ያስተሳሰሩ።
«አይፈርሱም» አለች። ወንበር ላይ አኖርናቸው፤
እነሱ ተቃቅፈው አደሩ፣ እኛ ከየዳርቻችን አየናቸው።
ሰፊ አልጋ። መሃሉ ባዶ።
ተከፍሏል፣ ጌታዬ።
ለሁለት ተከፍሏል።

«አርባ አምስት ደቂቃ» አሉኝ አሁን ስደውል፣
«ዘጠና አምስት ዶላር፤ በካርድም ይቻላል።»
ዘውድነሽ እጇን ወደ መስተዋቱ ዘረጋች፣
አምባሯን ለበረዶው፣ ለጨለማው አሳየች፦
«አልተካተተም እንዴ? ጠይቃቸው እስቲ!»
ሳቋ መስተዋቱን ጉም አለበሰው፤
ሆዴ እስኪቆስል ሳቅሁ። መች ነበር እንዲህ የሳቅነው?
ጫማዋን አወለቀች፣ ብርድ የበላው እግሯን፣
ሹራቤን ገልጣ ሆዴ ላይ ለጠፈች ሁለቱን።
ጮህኩ። አልተወችም።
«የጋዝ ሂሳብ ነገ ነው፤ ደረጃውን ማን ጠርጎት ይሆን?
ያ ቧንቧስ?» አለች። ያ ቧንቧ! ስሙን ስትጠራው
እንደ ጠፋ ዘመድ ናፈቀኝ።

ከቦርሳዋ ደግሞ፣ በሶፍት ጠቅልላ፣
አንዲት ክብ ዳቦ አወጣች፣ ሰርቃ ከዚያ ሁላ።
«ሁሉ በነጻ እያለ፣ ሌባ!» አልኳት። «ለክፉ ቀን» አለች፤
ለሁለት ከፈለችው፣ ትልቁን ለኔ ሰጠች።

ቢጫ መብራት መጣ። ልጁ ሽቦውን አያያዘ፣
ሞተሯ አስነጥሳ ተነሣች። እጁን ከብብቱ ሥር ያዘ።
እኔ ወደ ኪሴ፣ እሷ ወደ ቦርሳዋ፦
«እኔ ልክፈል!» «በሞቴ!» «ተይ እንጂ!» «ወግድ ወዲያ!»
እንደ ምሳ ቤት ወዳጆች ተናነቅን፣
አምባር ከአምባር ተጠላልፎ፣ ካርዱን እየተነጣጠቅን፤
ልጁም ግራ ገብቶት፣ ቅንድቡ ላይ አመዳይ አብቅሎ፣
ቆሟል፣ ማንኛቸው ይከፍሉ ይሆን ብሎ።